ከእምሩ ጣሪያ የወረዱት ድንጋዮች

ነፋስ የሚጠላ ሰው መንዝ ውስጥ መወለድ አልነበረበትም። እምሩ ግን ተወለደ፤ ተወልዶም ሞላሌ ከተማ ጫፍ፣ ነፋሱ ከሜዳው ተነሥቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ጉብታ ላይ ቤቱን ሠራ። ለምን እዚያ እንደሠራ ሲጠየቅ፣ «መሬቱ የአባቴ ነው፤ መጤው ነፋሱ ነው» ይላል። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ተከራከሩ።

ሥራው ባና መሥራት ነው። የበጉን ጠጉር ሚስቱ በዛወርቅ፣ እሱ «በዛ» የሚላት፣ ትፈትላለች፤ እሱ ከመሸመኛው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ እግሩን ከቶ ይሸምናል። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ሁሉ የእምሩን ባና ያውቃል። ሲደርቡት ትከሻ ይጫናል፣ ውርጭ ግን አያሳልፍም። ሰውዬውም እንደ ባናው ነው፤ ላዩ ይሻክራል፣ ውስጡ ይሞቃል። ሞላሌ ገበያ ላይ ከሰው ጋር ሲነታረክ ውሎ ማታ ለሚስቱ ሸንኮራ በብብቱ ይዞላት የሚገባ ሰው ነው።

ይበልጥ የሚታወቀው ግን በጣሪያው ነበር። በእኛ አገር ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ መጫን ነውር አይደለም፤ ነፋሱን ያየ አይፈርድም። ሰው ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ ጣል ጣል ያደርግና ይበቃዋል። እምሩ ግን ቆርቆሮው ድንጋይ እንጂ ሌላ እስከማይታይበት ድረስ ነው የጫነው። ከወንዝ በትከሻው እየተሸከመ ያወጣቸው ናቸው፤ እያንዳንዱን ለይቶ ያውቀዋል። ከሁሉ ትልቁን፣ ከበሩ በላይ ጫፍ ላይ ያስቀመጠውን፣ «አለቃ» ይለዋል። ነፋሱ የሚገባው በበሩ በኩል ነው ባይ ነው። ጎረቤቱ ወሰኔ፣ «የእምሩን ቤት ጠላት ቢመጣ ምሽግ ነው ብሎ ይመለሳል» እያለ ሲያሾፍበት ኖሯል። እምሩም ይሰማል፣ ይስቃል፣ በማግስቱ ሌላ ድንጋይ ይጨምራል።

ምክንያት ነበረው። የመጀመሪያ ልጃቸው ሰብሊ ስትወለድ ጣሪያው አዲስ ነበር፤ የጓሳ ሣሩን አንሥቶ ቆርቆሮ ካለበሰው ገና መንፈቅ አልሞላውም። የበልግ ነፋስ መጣና ጣሪያውን እንዳለ አንሥቶ ከወንዙ ማዶ ጣለው። በዛወርቅ አራስ ናት፣ ሕፃኗ እቅፏ ውስጥ ናት፣ ሰማዩ ደግሞ ያለ ርኅራኄ ይወርዳል። እምሩ ያለቀ ባና እንኳን አልነበረውም። ከመሸመኛው ላይ የነበረውን በጩቤ ቆርጦ አወረደና በሁለት እጁ ዘርግቶ ከራሷ በላይ ይዞ ቆመ። ዝናቡ እስኪያባራ፣ ጎረቤት እስኪደርስ ድረስ ቆመ። ባናው ውሃ ሲጠግብ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዛወርቅን ብርድ መታትና ከሞት አፋፍ ተመለሰች። የዚያን ጊዜ ነው እምሩ፣ «ማርያምን፣ ከእንግዲህ ጣሪያ ሥር ሆነሽ ጠብታ አይነካሽም» ብሎ የማለው።

ሰብሊ ዛሬ ደብረ ብርሃን ተድራ የራሷን ልጆች ታሳድጋለች። መሐላው ግን እስከዚህ ታሪክ ድረስ ጠብታ አልገባበትም ነበር።

በዛወርቅ ለዚህ ሰው የተገባች ሚስት ናት። ሰው ሲያያት ዝምተኛ ትመስላለች፤ ዝም የምትለው ግን የምትናገረውን ስትስል ነው። ካቻምና ውርጭ ያዘለ መሬት አንሸራቷት ዳሌዋ ተሰበረ። ወጌሻውም ሐኪም ቤቱም የቻሉትን አደረጉ፤ ቢሆንም ከከዘራ አልተላቀቀችም። ከመደቡ ተነሥታ በር እስክትደርስ አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ ያልቃል። እሷ በዚህ ትቀልዳለች፤ እምሩ ግን መሳቅ አልቻለም። ውሃውን እሱ ይቀዳል፣ እንጨቱን እሱ ይፈልጣል፤ ወንዶች ቢያዩት ባያዩት ግድ የለውም።

እንዲህ ሳለ ነው የመሬት መንቀጥቀጡ የመጣው። ከቆላው፣ ከአዋሽ በኩል መሬት መናወጡን በሬዲዮ ስንሰማ ከርመን ነበር፤ የሰው አገር ወሬ ነው ብለን ከንፈር መጠን አልፈነዋል። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እኛም ዘንድ ደረሰ። እምሩ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ይሸምናል። መሬቱ ከእግሩ ሥር እንደ መረቅ ተርገፈገፈ፤ መደርደሪያው ላይ ዕቃው ተንቀጫቀጨ፤ ከላይ ድንጋዮቹ እርስ በርስ ተንኳኩ። እሱ ከጉድጓዱ እንዴት እንደወጣ አያስታውስም። በዛወርቅን ከመደቡ አንሥቶ ጀርባው ላይ ጫነና በበሩ ወጣ። ውጭ አገሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ «እግዚኦ» ይላል።

መሬቱ ፀጥ ሲል ወሰኔ ዘወር ብሎ አያቸው። «እምሩ፣ ሙሽራይቱን ከወዴት አመጣሃት?» አለው። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሰው ሁሉ ሳቀ። በዛወርቅ ባሏ ጀርባ ላይ ሆና ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከሳቁት ግን አልነበረችም። ዓይኗ ከበሩ በላይ ነበር።

እምሩ ከዚያ በኋላ ኮራ። መድኃኒቱን አገኘሁ አለ፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ በዛወርቅን አዝሎ መውጣት ነው፣ አበቃ። ልምምድም ጀመረ። ችግሩ፣ ቤቱ ከመንገድ ዳር ነው፤ ጭነት የያዘ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ቤቱ ይርዳል። አይሱዙ ባለፈ ቁጥርም እምሩ ሚስቱን ከተቀመጠችበት ያነሣታል።

«አይሱዙ ነው አንተ ሰውዬ፣ አውርደኝ» ትለዋለች።

«ቢሆንም መልመድ ነው።»

ፀጉሯን እያበጠረች ሳለች አዝሏት ወጥቷል። አንድ ቀንማ እህል ይዞ የመጣ ገበሬ በር ላይ አግኝቷቸው ሰላምታ ተለዋወጡ፤ እሷ ከጀርባው ሆና ስለ ልጆቹ ደኅንነት ጠየቀችው። እምሩንም ወገቡን ማመም ጀምሮት ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረም።

በዚያ ሰሞን በሰንበቴ ቀን፣ ቅዳሴ ወጥተን ጠበሉን ጠጥተን እንደተቀመጥን፣ የሰንበቴው ሙሴ፣ ማኅበሩን የሚመሩት አባ መልከ ጼዴቅ፣ ሲናን እንድትናገር አስነሧት። ሲና የሠፈራችን ልጅ ናት፤ መሐል ሜዳ ከተማ ታስተምራለች። ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ሥልጠና ወስዳ መምጣቷ ነበር።

«ቤታችን ድንጋይና ጭቃ ነው» አለች። «ሲነቃነቅ ግድግዳው ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይወድቃል። በር አጠገብ ያለ፣ ደጁም ሜዳ የሆነለት፣ ይውጣና ከግንብ ይራቅ፤ የቤተ ክርስቲያኑንም ግንብ ቢሆን ተደግፎ አይቁም። ሮጦ መውጣት የማይችል ግን አይታገል። ከግድግዳና ከመደርደሪያ ይራቅ፣ ዝቅ ይበል፣ ጠንካራ አልጋ ወይም ጠረጴዛ ካለ ሥሩ ይግባ፣ ራሱንና አንገቱን ሸፍኖ እስኪያልፍ ይቆይ።»

አባ መልከ ጼዴቅ ጢማቸውን ዳበሱ። «እግዚኦ ማለቱስ ሊቀር ነው ልጄ?»

«አይቀርም አባ፤ አልጋው ሥር ሆነን እንላለን።»

ሳቁ። እሷም ፈገግ ብላ ቀጠለች፤ ከራሳችን በላይ ያለውን ከባድ ነገር ሁሉ፣ መደርደሪያ ላይም ይሁን ጣሪያ ላይ፣ ዛሬውኑ አውርዱ አለች። ጣሪያ የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰንበቴው ዓይን በሙሉ ወደ እምሩ ዞረ። ወሰኔ በሳቅ ጠላው ትን አለው።

እምሩ ፊቱን አጠቆረ። «ነፋሱንስ አንቺ ትይዢልኛለሽ፣ ልጄ?»

«አልይዝም፣ ጋሽ እምሩ» አለች ሲና ቀስ ብላ። «ነፋስ ግን የሚወስድብዎ ቆርቆሮ ነው።»

ድንጋዩ የሚወስድበትን አልተናገረችም፤ እሱ ግን ገባው። ስለ ገባውም ነው ይበልጥ የተናደደው።

ቤት ሲገባ በዛወርቅ እየፈተለች ጠበቀችው። ወሬው በምን በኩል እንደቀደመው እንጃ፣ ሁሉንም ሰምታለች።

«ልጅቷ እውነቷን ነው» አለችው።

«አንቺም ከእነሱ ወገን ሆንሽ?»

«ስማኝ። አንተ አዝለኸኝ ስትወጣ ወደ እግርህ ነው የምታየው፤ እንዳይጥልህ። ወደ ላይ የማየው እኔ ነኝ። ያን አለቃ የምትለውን ድንጋይ በወጣን ቁጥር ከራሴ በላይ አየዋለሁ። በዚያን ዕለት ተንቀሳቅሷል።»

«አልተንቀሳቀሰም።»

«ተንቀሳቅሷል አልኩህ።»

«ምያለሁ፣ በዛ። ጠብታ አይነካሽም ብዬ ምያለሁ።»

«ማርያም መሐላህን ስትሰማ ድንጋይ ጫን አላለችህም» አለችና እንዝርቷን አሾረች። እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መሸመን ጀመረ። ከዚያ በኋላ ስለ ድንጋዩ ያነሣበትን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላል የአገራችን ሰው። መከራውም ብዙ አልቆየም።

ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ወጥታለች። እምሩ ከደጁ ችካል ተክሎ ድር ያደራል። በዛወርቅ ውስጥ መደቡ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። መጀመሪያ በጎቹ ከሣሩ ቀና አሉ። ቀጥሎ ችካሎቹ ተንቀጠቀጡ፣ ድሩ እንደ ክራር ጅማት ረገበና ተወጠረ። ይኼ አይሱዙ አልነበረም። የፊተኛውም ዓይነት አልነበረም። እምሩ ድሩን በእግሩ በጣጥሶ ወደ በሩ ሮጠ።

«እምሩ! እንዳትገባ!»

በዛወርቅ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ባሏን ነቁራዋለች፣ አኩርፋዋለች፣ ሰው ፊት አፍ አስይዛዋለች፤ ጮኻበት ግን አታውቅም። ድምፁ የእሷ አልመሰለውም። ሊታዘዛት አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር፤ እግሩ ነው በድንጋጤ የቆመው። በቆመበት አለቃ ከቦታው ሲፋቅ ሰማ። ድንጋዩ ቆርቆሮውን እየቧጨረ ወረደና በበሩ ደፍ ላይ አረፈ። የደፉን ጠፍጣፋ ድንጋይ ለሁለት ከፈለው። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ አዘነበ፤ አቧራው በሩን ሸፈነው።

ከዚያ ፀጥ አለ።

«በዛ» አለ እምሩ። ደግሞ ጮኸ፤ «በዛ!» በዚያች ቅጽበት ያለ እሷ የሚኖረውን ኑሮ አየው፤ ያልተፈተለውን ጠጉር፣ ባዶውን መደብ፣ ማታ የሚያመጣውን ሸንኮራ የሚቀበለው ማጣቱን።

ከአቧራው ውስጥ ሳል ተሰማ። አለቃን ተራምዶ ገባ። በዛወርቅ ከግድግዳው ርቃ፣ ከቤቱ መካከል፣ ወለሉ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። የታጠፈ ባና ራሷ ላይ ደርባ በሁለት እጇ አንገቷን ይዛለች። ስትፈትልበት የነበረው መደብ ላይ የመደርደሪያው እንስራ ወድቆ ደቅቋል፤ ስባሪው ከጠጉሩ ጋር ተቀላቅሏል።

«እንዴት... እንዴት እዚህ ደረስሽ?»

«እየተንፏቀቅሁ» አለች፣ አቧራውን ከከንፈሯ እየጠረገች። «አንተ ገበያ ስትሄድ እለማመድ ነበር። የምትለማመደው አንተ ብቻ መሰለህ?»

እምሩ አጠገቧ ተዘረፈጠና አለቀሰ። ሽማግሌ ሰው ሲያለቅስ አያምርም፤ እሱም አላማረበትም። «በገዛ እጄ ልገድልሽ ነበር» አላት። «አዝዬ ከሥሩ ሳሳልፍሽ፣ ሳሳልፍሽ።»

ራሱን ደረቷ ላይ አስጠጋችውና ሽበቱ ላይ ያረፈውን አቧራ አራገፈችለት። «አልገደልከኝም» አለችው። «የቀረውን ድንጋይ ዛሬ ሳይመሽ ካላወረድክልኝ ግን እኔ አንተን እገድልሃለሁ።»

ሳይመሽ ወረደ። ወሰኔ ሳይጠራ መሰላል ይዞ መጣ፤ በዚያን ዕለት ምንም አልቀለደም። ከእምሩ ጣሪያ የወረደው ድንጋይ ተከምሮ ሲታይ ሌላ ቤት የሚያሠራ ነበር። ያን ያየ ሁሉ በየቤቱ መሰላል አቆመ። እምሩ በድንጋዩ ፋንታ ወፍራም ሽቦ በቆርቆሮው ላይ አሳልፎ፣ ጫፍና ጫፉን ከመሬት በታች ከተቀበረ ድንጋይ ጋር አሰረው። አለቃም ሥራ አላጣም፤ ጉድጓድ ተቆፍሮለት ሽቦውን ይዞ ተቀበረ። መደርደሪያው ላይ የነበረው ዕቃም ሁሉ ወለል ላይ ወረደ።

ከዚያ የአልጋው ነገር መጣ። መደብ ሥር አይገባ ነገር፣ ጭቃ ነው። ሸንበቆ አልጋ ደግሞ እንኳን ግድግዳ ድመት አይችልም። እምሩ ጓዳ ገብቶ አቧራ የጠገበ የጥድ ሳንቃ እየጎተተ ወጣ። ለሬሳ ሣጥኑ ብሎ ከብዙ ዓመት በፊት የገዛው ነው።

«ምነው፣ ጊዜው ደረሰ እንዴ?» አለች በዛወርቅ።

«ሣጥኑ ይቆይ። መጀመሪያ አንቺ ተጠቀሚበት።»

እግሩ ወፍራም፣ ላዩ ድፍን የሆነ፣ ጎንበስ ብላ ልትንሸራተትበት የምትችል አልጋ አስመታ። ከግድግዳ አርቆ ከቤቱ መካከል አቆመውና ግቢና ሞክሪው አላት። በዛወርቅ በከዘራዋ ስፋቱን ለካች፤ ለካችና ተመልሳ ተቀመጠች።

«አልገባም።»

«ምን ጎደለው ደግሞ?»

«የአንድ ሰው ነው። አንተስ?»

«እኔ ወንድ ነኝ፣ በሩን እይዛለሁ።»

«በሩን ይዘህ ምን ልታደርገው ነው? የአንድ ሰው ከሆነ አልገባም፣ በቃ። ለሣጥንህ መልሰው።»

ሙግት ሆነ። እምሩ ማሸነፍ እንደማይችል እያወቀ እስከ ማታ ተሟገተ፤ በማግስቱ ሳንቃ ጨምሮ አሰፋው። በሦስተኛው ቀን ወሰኔ ቡና ጠጡ ሊላቸው መጥቶ ቢገባ ቤቱ ባዶ ነው። ግራ ተጋብቶ ሊመለስ ሲል ከአልጋው ሥር ሳቅ ሰማ፤ ጎንበስ ብሎ ቢያይ ባልና ሚስቱ ፊት ለፊት ተኝተዋል። እምሩ፣ «ልምምድ ነው» አለው። ወሰኔ እስከ ዛሬ ያወራዋል።

መሬቱም ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ነቀነቀን። ሁለቱ በየጊዜው ከአልጋው ሥር ይገባሉ፤ እሱ እጁን ራሷ ላይ፣ እሷ እጇን ራሱ ላይ አድርገው እግዚኦ ይላሉ፤ ሲያልፍ ይወጣሉ። እየቆየ እየሳሳ ሄደ።

እምሩ ግን ሌላውን ይጠብቅ ነበር። ነፋሱን። መጋቢት ሲገባ ጆሮው ውጭ ውጭውን አለ፤ ሽቦውን ጠዋት ማታ ይነካካል፣ ያጠብቃል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ጠቆረና የበልጉ ነፋስ መጣ። ሽቦው ያዘ። ጣሪያው አቃሰተ፣ ተንጫጫ፣ ግን ያዘ። እምሩ መተንፈስ ሲጀምር ከጥግ በኩል የአንዱ ቆርቆሮ ከንፈር ቀና አለና ዝናቡ በዚያ ሾልኮ ገባ። የወረደው ልክ በዛወርቅ ላይ ነው፤ ራሷ ላይ፣ ትከሻዋ ላይ፣ በምትፈትለው ጠጉር ላይ።

እምሩ ደርቆ ቆመ። ያ ሁሉ ዘመን የጠበቀው መሐላ ዓይኑ እያየ ሲረጥብ ተመለከተ። ከዚያ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ሊያደርግ ተነሣ፤ ወደ በሩ፣ ወደ መሰላሉ፣ ደጅ ወዳለው የድንጋይ ክምር። መልሶም ባና ከመስቀያው መንጭቆ በሁለት እጁ ዘርግቶ ከራሷ በላይ ያዘ፣ እንደዚያን ጊዜው።

«ማርያምን» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ፣ «ረጠብሽብኝ።»

በዛወርቅ ቀና ብላ አየችው። ውሃው በግንባሯ ሽብሽብ ውስጥ ተንቆርቁሮ ወደ አገጭዋ ይወርዳል። እጇን ዘርግታ ክንዱን ይዛ ወደ ታች ሳበችው፤ ባናው ሁለቱም ላይ ወደቀ።

«ረጥቤያለሁ» አለችው። «ግን አለሁ።»

እምሩ አጠገቧ ተቀመጠ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ከባናው ሥር አብረው ቆዩ፤ ጣሪያውን የጠገነው በማግስቱ ነው።